ስሙ የማይጠራው የቤንዚን መድኃኒት

ቤንዚን ላይ የሚጨመረው መድኃኒት ለፈጣን መኪና ይረባል ወይስ አይረባም የሚል ጥያቄ በቀረበልኝ ቁጥር መልሴ አጭር ነው። ሞተሩ የሚያንኳኳ ከሆነ ይረባል፤ የማያንኳኳ ከሆነ ገንዘብን ወደ ጭስ ከመለወጥ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። መድኃኒቱ ጉልበት አይፈጥርም፤ ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ይከለክላል እንጂ። ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። እኔ ግን ይህንኑ ቃል በብርቱ በተናገርሁበት ቀን የሰማኝ አልነበረም። ያ ቀን እንዴት እንደዋለ ልተርክላችሁ።

ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ፈረንሳይ አገር ኬሚስትሪ ተምሬ፣ ምስክር ወረቀቴን ይዤ ተመልሼ ነበር። በአዲስ አበባ የጎበኘኋቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ በአክብሮትም ሸኙኝ። አንደኛው ሹም ወረቀቴን አገላብጠው ካዩ በኋላ ጥልፍ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። አልችልም አልኋቸው። ከዚያ በኋላ አዳሚ ቱሉ፣ ከታናሽ እህቴ ከአስካለ ቤት ገባሁ። አባትና እናታችን ካለፉ ወዲህ ከእርሷ ሌላ ዘመድ አልነበረኝም።

የአስካለ ባል ግራዝማች በየነ ይባሉ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው መፈለጉ ስለማይቀር ነው። ሚስታቸውን ይወዱ ነበር፤ መኪናቸውንም ይወዱ ነበር። መኪናዋን የገዙት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ሲሆን፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች፣ ወገቧ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለች ነበረች። ሞተሯ አየሩንና ቤንዚኑን ከሌሎች መኪናዎች ይበልጥ ጨምቆ ያቃጥላል። ፍጥነቷም ጣጣዋም ከዚያው ነበር። በባቡር በቆርቆሮ መጥቶ ፀሐይ ላይ የሰነበተውን የእኛን አገር ቤንዚን ስትጠጣ፣ ጠጠር የተጨመረበት ቅል ይመስል ታንኳኳ ነበር።

ፈረንጁ ይህን ስለሚያውቅ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ቤንዞል የሚባል ፈሳሽ በጥቂት ቆርቆሮዎች ትቶላቸው ሄደ። ቤንዞሉ ከቤንዚኑ ጋር ሲቀላቀል ማንኳኳቱ ጸጥ አለ። መኪናዋም በዝዋይ ሜዳ ላይ ሰጎኖችን እያስደነበረች ትከንፍ ጀመር። ግራዝማች ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ መኪናዋ ታማ ነበር፣ መድኃኒቷን ስትጠጣ ዳነች የሚል ነበር።

«ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶውን ካልጠጣ ደህና ይሆናል?» አሉ አንድ ቀን ከማዕድ ላይ። «እሷም ኮሶዋን ትፈልጋለች።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ግራዝማች፣ በሽታ አይደለም» አልኋቸው። «ቤንዞሉ ሲያልቅ መሪው ላይ ያለውን፣ እሳቱ የሚጫርበትን ጊዜ የሚወስነውን ማንሻ ጥቂት ወደ ኋላ ይመልሱት፤ አቀበት ላይም ቀስ ይበሉ። ያለ ምንም መድኃኒት የትም ታደርስዎታለች።»

«ቀስ ብዬ ልሄድማ በቅሎ መች አነሰኝ፣ እቴ?»

ቤንዞሉ አለቀ። ግራዝማችም በአዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሞተር ከሚፈታ አንድ ሰው ዘንድ ሄደው ሌላ መድኃኒት አገኙ። ሰውየው ለፈረንጆች ሠርቷል፣ «የመኪና ሐኪም» ይባላል። የመድኃኒቱን ስም በጆሯቸው ከነገራቸው በኋላ፣ ለማንም እንዳይገልጹ ወንጌል አስመትቶ አማላቸው። የአገራችንን ደንብ ታውቁታላችሁ። መድኃኒት አዋቂ የሥሩን ስም አይናገርም፤ ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል፤ አባት ለልጁ የሚነግረው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነው። በዚህ ደንብ ውስጥ ያደግሁ ስለሆነ ለማን ጥቅም እንደወጣም አውቃለሁ። ስሙ የታወቀ መድኃኒት ገዢ የለውም።

አስካለ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። መውለጃዋ ሲቃረብ አዳማ ወስጃት፣ የባቡር ሠራተኞችን ሊያክም መጥቶ በጣቢያው አጠገብ የከረመ ፈረንጅ ሐኪም መረመራት። ሕፃኑ አግድም ተኝቷል አለኝ። «ካልዞረ በራሷ አትወልድም። ምጥ ሲጀምራት ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት፤ መሣሪያው አለኝ። ግን በመጪው ሐሙስ ባቡር ወደ ጅቡቲ እወርዳለሁ፤ መርከቤ አይጠብቀኝም። ባቡሩ እስኪነቃነቅ ድረስ የእናንተ ነኝ።»

እዚያው አዳማ እንድትሰነብት ግራዝማችን ለመንኋቸው።

«የበኩር ልጄ ሆቴል ውስጥ ይወለድ?» አሉኝ። «ሰው ምን ይለኛል? መኪናዋ አለች፤ ባስፈለገ ጊዜ ከፀሐይ ቀድመን እንደርሳለን።»

ምጡ ረቡዕ ማታ ጀመራት፤ በጨለማ ደግሞ በዚያ መንገድ መኪና አይነዳም ነበር። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አዋላጇ እጇን ታጥባ ከጓዳ ወጣችና «እንግዲህ እመቤታችን ታውቃለች» አለች። የሰው እጅ ሥራውን ሲጨርስ የሚነገር ቃል መሆኑን ስለማውቅ፣ ሁለተኛ ሳልጠይቃት ወደ ግራዝማች ሮጥሁ። እርሳቸውም አልተከራከሩም። አስካለን በጋቢ ጠቅልለን ከኋላ ወንበር አስተኛናት፤ ራሷን ታፋዬ ላይ አደረግሁ። ግራዝማች ራሳቸው መሪውን ጨበጡ፤ አሽከራቸው ተክሌ የተጠባባቂ ቤንዚን ቆርቆሮዎች ጭኖ ከጎናቸው ተቀመጠ።

ሐይቁን በቀኛችን ትተን በግራሮቹ መካከል ወደ ሰሜን ነዳን። ጠዋት ነበርና አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሞተሩም ጸጥተኛ ነበር። ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ግራዝማችም ፍጥነት ሲጨምሩ ማንኳኳቱ ተነሣ።

«ትሰሚያለሽ? ታመመች!» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

«ማንሻውን ወደ ኋላ ይመልሱት፣ ግራዝማች። ጊዜ አለን፤ በዚህ አካሄድ ከባቡሩ በፊት እንደርሳለን።»

«ቀስ በሉ ትለኛለች! እህቷ እያማጠች ቀስ በሉ!»

መቂ ስንደርስ ቤንዚን ለመሙላት ቆምን። ተክሌ ቆርቆሮዎቹን ሲያወርድ እኔ የአስካለን ከንፈር በውኃ አራስሁ። ዓይኗን ገልጣ ፈገግ አለች።

«እታበባ» አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ እንዲህ ነበር። «ሴት ከሆነች ፈረንሳይ አትልኪያትም። እንዳንቺ ቁጡ ሆና ትመለስና ባል ታጣለች።»

«ባል ያገኘችውንም እያየናት ነው» አልኋት።

ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሕመም ተለወጠ። ቀና ስል ግራዝማችን አየኋቸው። ከመኪናዋ ኋላ ቆመው፣ ከንፈራቸው በጸሎት እየተንቀሳቀሰ፣ ከጥቁር ጠርሙስ አንድ ነገር ወደ ቤንዚኑ ጋን ይጨምሩ ነበር። አንዱ ሲያልቅ ሁለተኛውን አንሥተው ያንንም እስኪንጠፈጠፍ ገለበጡት።

«ምንድን ነው የጨመሩት?»

«መድኃኒቷ ነው። እጥፉን ሰጠኋት። አሁን አሞራ ትሆናለች።»

ከመቂ እንደወጣን እውነትም ማንኳኳቱ ቆመ። ግራዝማች መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ዝም አለች! ሰማሽ፣ እቴ? ዝም አለች!» አሉ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር፤ ጉልበት ያጣ ሞተርም አያንኳኳም። መኪናዋ አንድ ጊዜ ሳለች፤ ደግማ ሳለች፤ ወደ ዓለም ጤና በሚወስደው ገላጣ ሜዳ ላይ ጸጥ ብላ ቆመች።

ተክሌ ወርዶ ከፊት ያለውን ማንቀሳቀሻ ብረት አዞረ። ትነሣና ትሞታለች። ደግሞ አዞረ። ብረቱ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ መዳፉን ቀደደው፤ በነጠላው ጠቅልሎ እንደገና አዞረ።

«ጌታዬ፣ እምቢ አለች።»

«አዙር!»

ከመኪናዋ ወረድሁ። «ግራዝማች፣ የጨመሩት ነገር ከቤንዚን ጋር አልተዋሐደም። ከቤንዚን ስለሚከብድ ወርዶ ከጋኑ ሥር ተኝቷል፤ ሞተሩም የሚጠጣው ከሥር ነው። ከጋኑ ግርጌ ያለውን ብሎን ፈትተን ጥቂት እናፍስስ። ንጹሕ ቤንዚን ሲመጣ እንዘጋለን። መፍቻውን ይስጡኝ።»

መፍቻው በቀበቷቸው ላይ ነበር፤ እጃቸውን ጫኑበት። «ከሥር? መድኃኒቱ እኮ ነው ከሥር ያለው! እሱን ልትደፊው?»

«አዎን፤ እሱን ልደፋው።»

«አትነኪያትም! ተክሌ፣ ማንም ወደ ጋኑ እንዳይቀርብ።»

ተክሌ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በእኔና በጋኑ መካከል ቆመ።

በዚህ መካከል ሁለት በሬዎች እየነዱ አንድ ሽማግሌ ባላገር መጡ። «አካም ቡልተኒ?» ብለው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ይኸኛውም ይደክማል እንዴ?» አሉ ለተክሌ። ቀጥሎ አስካለን አዩና ፈገግታቸው ጠፋ። ኦቦ ጉደታ እንደሚባሉ፣ መንደራቸውም ቅርብ እንደሆነ ነገሩን።

«ግራዝማች፣ ጎረምሶች ልጥራ? በቃሬዛ እንሸከማታለን። ያለዚያም በሬዎቼ ይጎትቱት።»

«መቼ አዳማ ልንደርስ?»

«ነገ ጠዋት።»

«ባቡሩ ዛሬ ነው የሚሄደው፣ ኦቦ» አልኋቸው።

«በበሬ የተጎተተ መኪና!» አሉ ግራዝማች።

ኦቦ ጉደታ አልተቆጡም። «በሬ ይዘገያል እንጂ መንገድ ላይ አይቆምም፣ ግራዝማች» አሉና ግራር ሥር ተቀመጡ።

ፀሐይዋ ወደ አናታችን ቀረበች። አስካለ መጮኽ አቆመች፤ ከጩኸቷ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራኝ። ክርክሬን አሳጠርሁ።

«ጋኑን ይተዉት። ስሙን ብቻ ይንገሩኝ። ምን እንደሆነ ካወቅሁ ሌላ ዘዴ ካለው እሱን አደርጋለሁ፤ ከሌለውም ቁርጡን እነግርዎታለሁ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«ወንጌል መትቻለሁ። ደግሞም ስሙ ከተጠራ ይረክሳል። ይልቁንም ሴት ከሰማችው!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ረክሶ ከቀረ በምን ላደርሳት ነው? ያለኝ እኮ እሱ ብቻ ነው! ላንቺ እህትሽ ናት፤ ለእኔስ ምኔ ናት?»

ሰውየው የሚከላከሉት እህቴን ነበር፤ ከእኔ ነበር የሚከላከሉላት። ሙቀቱ ከሜዳው እንደ ውኃ ይነሣል። ተክሌ በደም የራሰ ነጠላውን ጠበቅ አድርጎ ያዞራል፤ ሞተሩ ይስላል፤ ይሞታል። ግራዝማች የመኪናዋን አፍንጫ እየዳሰሱ «ጥቂት ታገሡ፤ እስኪሠራ ነው፤ መድኃኒት ሲገባ ያስጨንቃል» ይላሉ።

«ለምን ቆምን?» አለች አስካለ።

ግራዝማች ሮጠው በሩ ሥር ተንበረከኩ። «አሁን ትነሣለች፣ ዓለሜ።»

«እታበባ ምን ትላለች?»

«ስሙን ይንገሩኝ ትለኛለች።»

«ይንገሯት፣ ጌታዬ» አለች አስካለ። «እኔ ልሞት ነው። መድኃኒቱ ቢረክስ ምን ይለናል?»

ግራዝማች ግንባራቸውን የመኪናዋ በር ላይ አስደግፈው እንደ ተናዛዥ ተናገሩ።

«ዳገም አረቄ ነው።»

አረቄ! ዳገም ሁለት ጊዜ የወጣ ኃይለኛ አረቄ ነው፤ ቢሆንም ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። የመኪና ሐኪሙ ፍጹም ደንቆሮ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ውኃ የሌለበት ንጹሕ አልኮል በእርግጥ ማንኳኳትን ይከለክላል፤ ከፈረንጆቹ ይህን ሰምቷል። ውኃው ከቤንዚን ተለይቶ፣ አልኮሉን ይዞ፣ ከጋኑ ሥር እንደሚተኛ ግን አልሰማም። ከአንድ እውነት ግማሿን ሰምቶ በወንጌል አትሟታል።

«ሌላ ዘዴ የለውም» አልኋቸው። «መደፋት አለበት።»

መፍቻውን አቀበሉኝ፤ ፊታቸውን ግን አዞሩ። ከጋኑ ሥር ገብቼ ብሎኑን ፈታሁት። እንደ ምንጭ የጠራ ፈሳሽ ወረደ፤ ሜዳው የመሸታ ቤት ሽታ ሸተተ፤ አሸዋውም ጠጣው። የቤንዚን ሽታ ሲመጣ ዘጋሁት፤ ወደ ሞተሩ የሚወስደውንም ቱቦ አጠራሁ። ሰው ምሳውን በልቶ እጁን እስኪታጠብ ያህል ነው የፈጀው። ተክሌ አንድ ጊዜ ቢያዞረው ሞተሩ ተነሣ። ኦቦ ጉደታ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

ግራዝማች መሪውን ጨብጠው ማንሻውን ወደ ኋላ መለሱት፤ መኪናዋም ያለ ምንም መድኃኒት ሮጠች። ዓለም ጤናን አለፍን፤ የአዋሽን መሻገሪያ አለፍን። አስካለ ጣቴን ይዛ ነበር። የአዳማ ኮረብቶች ሲታዩ «ደረስን» አልኋት፤ ጣቴን ጠበቅ አደረገችው።

ጣቢያው ባዶ ነበር። አንድ ሠራተኛ ባንዲራውን እየጠቀለለ ወደ እኛ መጣ።

«ባቡሩ?» አሉ ግራዝማች።

«አሁን ወጣ፣ ጌታዬ። ያውና ጭሱ።» ወደ ወለንጪቲ አቅጣጫ አመለከተ። «ያ ፈረንጅ ሐኪም እስከ መጨረሻው መወጣጫው ላይ ቆሞ መንገዱን ሲያይ ነበር። ሰው ይጠብቅ ነበር መሰለኝ።»

«እንከተለዋለን!» ብለው ጮኹ ግራዝማች። «ይህች መኪና ባቡር ትቀድማለች! ወለንጪቲ ላይ እንይዘዋለን! ተክሌ፣ ግባ!» መሪውን በኃይል አዙረው ሞተሩን አስጮኹት። አቧራው ሸፈነን።

ጣቴን የያዘው እጅ ግን ለቆት ነበር። አንገቷን ዳሰስሁ፤ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ፤ ደግሜም ዳሰስሁ።

«ግራዝማች» አልኋቸው፤ «ሞተሩን ያጥፉት።»

እናትና ልጅን በአንድ መቃብር ቀበርን። በለቅሶው ድንኳን ከሩቅ የመጣች አልቃሽ፣ ከማን እንደሰማች አላውቅም፣ ፊቴ ላይ ቆማ እንዲህ ብላ ሙሾ አወረደች፦

«መድኃኒቱን ጠይቃ፣ ስሙን አስጠርታ፣
እህቷን ቀበረች ከመንገድ አስቀርታ።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። ሰዎች እኔን እያዩ ያለቅሱ ነበር። ከሠልስት በኋላ ግራዝማችን ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«እርስዎም እንደዚያ ያምናሉ?»

«ስሙን ስናገር አንድ ነገር ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ» አሉኝ። «ባትጠይቂኝ ኖሮ፣ እቴ።»

«መድኃኒቱ ሲደፋ እኮ ነው መኪናዋ የተነሣችው። በዓይንዎ አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አሉ። «መቂ ላይ ስጨምረው የለመንሁት ግን ለመኪናዋ አልነበረም።»

በማግሥቱ ልብሴን ሰብስቤ ከአዳሚ ቱሉ ወጣሁ፤ አዳማ ላይ ቤት ተከራይቼ ለነጋዴዎች ፈረንሳይኛ እያስተረጎምሁ ኖርሁ።

አንባቢ ሆይ፣ እህቴን ድንቁርና ገደላት ትል ይሆናል። አይደለም። ያልሰማ ሰው ቢነግሩት ሊሰማ ይችላል፤ ተክሌም ኦቦ ጉደታም ሳይማሩ መፍቻው እንዲሰጠኝ በዓይናቸው ሲለምኑ አይቻቸዋለሁ። የገደላት ግማሽ እውቀት ነው፤ ያም ግማሽ መሐላ የጠበቀውና ፍቅር አጥር የሆነለት ነበር። ዛሬ በግራዝማች የምትስቅ ሰው፣ የሰጠህን ሰው አክብረህ ምንነቱን ሳትጠይቅ የምትውጠውን ነገር እስቲ ቁጠር። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውን ማሳመን ትቻለሁ፤ መጠየቅን ግን አልተውሁም። ስሙ ያልተነገረኝን አልጠጣም፤ ለሌላም አላጠጣም። በዚህ ጠባዬ ወዳጅ አላፈራሁም፤ ከዚያ ወዲህ የቀበርሁት ሰው ግን የለም።

የግራዝማች ወገኖች የአስካለን ሙት ዓመት ሳያጓድሉ ያወጣሉ። እኔን አይጠሩኝም፤ ይሁን እንጂ ወግ እንዳይቀር ከዝክሩ እንጀራና ጠላ ይልኩልኛል። መልእክተኛው በየዓመቱ ሌላ ሰው ነው፤ አንዱም ግን ደጄ ላይ ሰላምታ አይሰጠኝም። ገና በሩን ስከፍት እንስራውን ከፊቱ አስቀድሞ «ጌሾና ገብስ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም» ይላል፤ እንስራውንም አኑሮ ፈጥኖ ይመለሳል። ከእኔ የተማሩት ይህን ብቻ ነው።